የእትዬ ብርቄ ምስማር

ተከራይ በምን ይታወቃል ብትሉኝ በግድግዳው እላችኋለሁ። ባዶ ነው። የሠርጉ ፎቶ፣ የማርያም ሥዕል፣ ልጁ የተመረቀ ዕለት የተነሣው ሁሉ አልጋ ሥር ተኝቷል። አከራይ ምስማር አይወድማ! ኪራይ ቢዘገይ አኩርፎ ይታገሣል፤ ምስማር ግን አይሆንም። እኛ መቱ የምንኖር ደግሞ ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ፣ አከራዮቻችን የመዶሻ ድምፅ ከሰሙ ቤቱ የተናደ ይመስል እየሮጡ ነው የሚመጡት።

ጋሼ ንጉሤ ልብስ ሰፊ ናቸው። የከተማውን ሰው ግማሹን አልብሰዋል፤ የራሳችን የሚሉት ጣራ ግን አልነበራቸውም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ሲያስሩና ሲፈቱ ነው ያረጁት። የሠርጋቸው ፎቶ መስተዋት ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም። "እኔ ፎቅ አላማረኝም፤ ይችን ሰቅዬ ልሙት" ይላሉ። ይህን ሲሉ ጋሼ ንጉሤ አንገታቸውን ወደ ስፌት መኪናቸው ይደፋሉ።

እንግዲህ የቤት ማኅበር ያቋቋምነው እንዲህ ዓይነት ሰዎች ነን። ከተማው ቦታ ሰጠን፤ ቆርቆሮውን አዋጥተን ገዛን፤ ጉልበቱ በደቦ ሆነ። በዕረፍት ቀናችን ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ከሁሩሙ ማር አምጥቶ የሚሸጠውም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ረገጣ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ተረት በእግሬ ያረጋገጥኩት ያኔ ነው።

አንድ ብልህ ደንብ ነበረን፤ ዕጣ የሚወጣው ሁሉም ቤት ካለቀ በኋላ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ዕጣውን አስቀድመው ያወጡ ነበር፤ ታዲያ ቤቱ ያለቀለት ሰው በማግስቱ ወገቡን ያመዋል። ስንት ደህና ወገብ በዕጣ ታመመ መሰላችሁ! እኛ ግን የማን እንደሚሆን የማናውቀውን ቤት ነው የመረግነው። የማታውቁትን ቤት ደግሞ አታበላሹትም፤ ምናልባት የእናንተ ይሆናላ።

ልብ ግን ደንብ አያከብርም። ጋሼ ንጉሤ ዋንዛው ሥር ያለው ቤት የእሳቸው እንደሆነ ወሰኑ፤ ከማን ጋር እንደተማከሩ እንጃ። ልስኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ ደጋግመው አስተካከሉት። ይባስ ብለው ጓሮው ውስጥ ቡና ተከሉ። ስንስቅባቸው "ቤት ባለቤቱን ያውቃል" ይሉናል። ታች ፈፋው ዳር ያለው ቤት ላይ ተራ ሲደርሳቸው ግን ጭቃቸውን ለጥፈው እብስ ነው።

ዕጣው ወጣ። የዋንዛው ቤት ለሚኒባስ ነጂው ለኦቦ ቶለራ፣ የፈፋው ቤት ለጋሼ ንጉሤ! ጋሼ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። አሳዘኑኝ፤ ምን ይዋሻል። እትዬ ብርቄ ግን ቁልፉን ከእጃቸው ወስደው ቁልቁል ወረዱ።

የገረመኝ የኦቦ ቶለራ ነገር ነው። እሳቸውም ፊታቸው ጠቁሯል። ጋሼን ወደ ዳር ወስደው እያፈሩ ተናዘዙ፤ ለካ እሳቸው ደግሞ ልባቸውን የጣሉት የፈፋው ቤት ላይ ኖሯል! ጎርፍ እንዳይገባው ቦይ የቀደዱለት፣ በደንብ የቦካውን ጭቃ እየመረጡ የመረጉት፣ ደጁ ላይ አቮካዶ የተከሉት እሳቸው ናቸው። እንቀያየር አሏቸው። ሰብሳቢያችንም ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ማን ይከለክላችኋል አሉ። ጋሼ ንጉሤ በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን ሮጡት፤ እኛም ተከተልን።

ገና ደጁ ሳንደርስ የመዶሻ ድምፅ ሰማን።

እትዬ ብርቄ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆመዋል፤ ለካ ጠዋት ይዘውት ወጥተው ኖሯል፣ ፎቶው በብብታቸው ነው። ጋሼ የመጡበትን ረስተው "ኧረ ቀስ በይ፣ ልስኑ ይፈርሳል!" አሉ፤ ቁርጥ አከራይ። ከዚያ ነው ስለ ቅያሪው የነገሯቸው። እትዬ ብርቄ ሰምተው ሲጨርሱ ፎቶውን ሰቀሉና ከባልዲው ወረዱ።

"ምስማሬን መትቻለሁ" አሉ። "ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው።"

ኦቦ ቶለራ ምስማሩን አዩ፤ ቀጥሎ እትዬ ብርቄን አዩ። የሚኒባስ ነጂ ክርክር አያጣም፤ እሳቸው ግን "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" ብለው ሳቁ። "ብቻ አቮካዶዬን እንዳትቆርጡብኝ።"

"እርስዎም ቡናዬን አደራ" አሉ ጋሼ።

ዛሬ አቮካዶው በዘንቢል ሽቅብ ይወጣል፤ ቡናው በቁና ቁልቁል ይወርዳል። ማን የማንን ቤት እንደሠራ የሚጠይቅ ቢመጣ የምንመልስለትን አናውቅም። ባለፈው እትዬ ብርቄ ቤት ተቀምጬ ቀና ስል፣ ፎቶው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ላቃናው እጄን ሳነሣ ያዙኝ።

"ተወው ልጄ" አሉ፤ "የዘመመው በገዛ ግድግዳዬ ላይ ነው።"