ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

ዕቃ በግዝፈቱ ብቻ የሚመርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ልደታ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ የሽያጭ ሶፍትዌሩን የምከታተለው እኔ ነበርኩ፤ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ሶፍትዌሩ የሚጫንበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ልንገዛ ስንል «ስንት ሰው በአንዴ ይሠራበታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ትልቁን አምጣ!» አሉኝ። አመጣሁ። ቢሯቸው ውስጥ፣ እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ ተጎለተ።

ብዙም ሳይቆይ ሶፍትዌሩ ይንቀራፈፍ ጀመር። አንድ ደረሰኝ እስኪወጣ ደንበኛው ይጮኻል፣ ገንዘብ ያዧ እኔ ላይ ታፈጣለች፣ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ኬብል እየነቀልኩ እሰካለሁ። በመጨረሻ ቢሯቸው ዘልዬ ገባሁ። ሰርቨሩ ገበር የተሰፋበት ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ለብሷል! ባለቤታቸው ለቴሌቪዥናቸው የሠሩት ዓይነት ነው። ብነካው እንደ ካውያ ያቃጥላል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አየር ይፈልጋል! ታፍኖ ነው።»

«ታዲያ አቧራ ይጠጣ?» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ጥፋቱ የኛ ነው፤ ትንሽ ነው የገዛነው» አሉ።

ይኸው፣ ከሱ የሚበልጠው መጣ። ትናንት ባለቤታቸው ቁመቱን ሊለኩ መጡ። የሜትሩን ጫፍ ማን የያዘላቸው ይመስላችኋል?