ባለ አምስት ኮከብ ሱሪ

ልብስ አጥቦ በመመለስ ሳይወሰን የደንበኞቹን አንደበት ጭምር ለማጠብ ታጥቆ የተነሣ አንድ ላውንደሪ ነበር። ራእዩን ከባንኮኒው በላይ በወርቃማ ቀለም አጽፎ ሰቅሎታል፦ «ደንበኛ ንጉሥ ነው። በኢንተርኔት ስማችንን በሚያጎድፍ ደንበኛ ላይ ግን አስፈላጊው ርምጃ ይወሰዳል።» በንጉሥ ላይ ርምጃ መውሰድ የትም ያለ ነገር ስለሆነ ማስታወቂያውን አይቶ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

የድርሰት መምህሩም አልደነገጡም። እሳቸው በዚያ ሰሞን አንዲት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ክንዷን ይዘው ወደ አዳራሹ የሚያስገቧት እሳቸው ስለሆኑ ያለቻቸውን ብቸኛ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለላውንደሪው ሰጡ። ላውንደሪው በቀጠሮው ቀን ኮቱን አስረከባቸው፤ ሱሪው ለነገ ተባለ። ቤት ገብተው ኮቱን ሲለኩት እጅጌው ከክርናቸው ጥቂት ወረድ ብሎ ቆመ።

ባለቤታቸው በሠርጉ ሽር ጉድ ቀልባቸው ተበትኗል። ይህን ከሰሙ ይታመማሉ ብለው መምህሩ ኮቱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር ደበቁት። የሆዳቸውን ግን ለላውንደሪው የኢንተርኔት ገጽ ተነፈሱለት፦ «የእኔን ኮት ሰጥቻችሁ ገና ያልተወለደውን የልጅ ልጄን ኮት መለሳችሁልኝ። አንድ ኮከብ።»

በማግሥቱ ኮቱን በፌስታል ይዘው ሱሪያቸውን ሊወስዱ ሄዱ። ከካውያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል አስገቧቸው፤ በሯ ላይ «የመልካም ስም ጥበቃና የምስጋና ማስተባበሪያ ክፍል» ይላል። ኃላፊው ትሕትናው የሚያስፈራ ወጣት ነው።

«ሱሪዬን ልወስድ ነበር» አሉ መምህሩ።

«ሱሪዎ ደኅና ነው፤ አያስቡ» አለ ኃላፊው፣ ስለ ታሳሪ ለቤተሰብ እንደሚያስረዳ ሰው። «ለጊዜው ግን እኛ ጋ ይቆያል።»

«ምን አጥፍቶ?»

«እሱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፤ አስተያየትዎን አይተነዋል።»

መምህሩ ኮቱን ከፌስታሉ አውጥተው ለበሱና እጃቸውን ዘረጉ። «ይኸው፣ እጅጌው አጥሯል እኮ።»

ኃላፊው የተራቆተውን ክንድ በጥሞና መረመረ። «እጅጌው አላጠረም። ድርጅታችን ባደረገው ማጣራት የእርስዎ ክንድ ረዝሞ ተገኝቷል።»

ከዚያ የክፍሉን መመሪያ አስረዳቸው። ስድቡ ይጠፋል፤ በቦታው ባለ አምስት ኮከብ ምስጋና ይተካል፤ ሱሪው ይፈታል። መምህሩ አሰቡበት። ኮትስ ከወንድማቸው ይዋሳሉ። ቁመታቸው ያለው ግን እግራቸው ላይ ስለሆነ የዘመድ አዝማዱን ሱሪ ሁሉ ቁምጣ ያስመስሉታል፤ ሱሪያቸው ካልተፈታ ልጃቸውን በቁምጣ ሊድሩ ነው። ስልካቸውን አወጡና እያመማቸው ጻፉ፦ «ልብሱ ታጥቧል። ሦስት ኮከብ።»

«መምህር፣ ይሄ እኮ ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ነው የሚመስለው» አለ ኃላፊው። «ምስጋና ትንሽ ሙቀት አለው።»

«ልጄ፣ እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ለማንም ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ምንም አይደል። ሱሪው እዚህ መኖሩን ይለምደዋል።»

መምህሩ ላባቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ የጻፉትን ተማሪዎቻቸው ቢያዩት ኖሮ ሰውየው እስከዚያ ቀን ምን ይዘው ቁጭ ብለው እንደነበር ይደነቁ ነበር፦ «ይህ ቤት ልብስ አያጥብም፤ ልብስን እንደ አዲስ ይወልዳል። ኮቴን ስለብስ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እኔ በባሕርዬ ለማመስገን የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ እነዚህን ሰዎች ግን አለማመስገን ነውር ሆኖብኛል።» ከሥሩ አምስቱን ኮከብ ደረደሩ።

ኃላፊው ሁለቴ አነበበው። «ይሄ ከልብ የመጣ ነው» አለ ዓይኑ እርጥብ ብሎ፣ ሱሪውንም በሁለት እጁ አቅርቦ አስረከባቸው። ሱሪው ልክ ነበር። መምህሩ አፍረውም ደስ ብሏቸውም ወጡ። በዚያው ወንድማቸው ቤት ጎራ ብለው ኮት ሲለኩ፣ ምሳ ሲጋበዙ፣ ወሬ ሲያወጉ አመሹ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው በፈገግታ ተቀበሏቸው።

«ጽሑፍህን አነበብኩት።»

መምህሩ ክው አሉ። «የቱን?»

«የላውንደሪውን ነዋ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለው ነው። እኔማ እንባዬ መጣ።»

«እሱን ተይው፤ እንዲሁ ለጨዋታ ነው።»

«ምን እተወዋለሁ? ይኼን ሁሉ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ጎሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? ሙያዬን አይተህ ዝም፣ ልጅ አሳድጌልህ ዝም። እንዲህ ያለ ሰው አፉን ከፈታ እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ተአምር ቢሆን ነው አልኩ።»

መምህሩ ሱሪያቸውን እንዳቀፉ ቆሙ። እውነታቸውን ነበር።

«እናማ» አሉ ባለቤታቸው፣ «የልጅቷ ቬሎ ስትለካው ጫፉ ቆሽሾ አልነበር? ማንን አምኜ ልስጥ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ይኸው ወስጄ ሰጠኋቸው።»

«ቬሎውን?»

«ያንተ ሚስት መሆኔን ሲያውቁ ያደረጉልኝን አቀባበል ብታይ። ኃላፊው ራሱ ነው የተቀበለኝ። ‹ለመምህር ቤተሰብማ በፈላ ውኃ ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ› አለኝ።»