የእትዬ ቅንፍ ስድስት ገጽ

እትዬ ቅንፍ መጀመሪያ የቀረበላቸውን ተውኔት ወረቀቶች ጠርዛቸው እኩል እስኪሆን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጋሉ። መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ማስመሪያውን ያስጠጉና ከተናጋሪው ስም ማረም ይጀምራሉ፤ ስሙ ለብቻው በመስመሩ መሀል፣ ንግግሩ ከሥሩ፣ ሰውየው የሚያደርገው በቅንፍ ውስጥ። አንዱ ከጎደለ እርሳሳቸው ይከባል።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እንዲህ ያለ ፍጡር አይጠፋም፤ ሌላው «ታሪኩ ወዴት ሄደ?» ሲል እሱ «ክፍተቱ ስንት ነው?» የሚል። አንድ ያለቀ የቴሌቪዥን ድራማ ፍቅሩ አልወጣ ያላቸው ሰዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማተሚያ ቤቱ የጓሮ ክፍል ተሰብስበው ራሳቸው የጻፉትን ተጨማሪ ክፍል በተውኔት መልክ ያነባሉ። በዚያ ሹመቱ የክብርት እትዬ ቅንፍ ነው፤ የማተሚያ ቤቱ የሃያ ሁለት ዓመት አራሚ።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ባለ ታክሲው፣ አንድ ቀን የሁለት ወንድማማቾች ጠብ ጽፎ መጣ። ስማቸውን «ከንግግሩ ይታወቃል» ብሎ ትቶታል።

«ልጄ፣ በጥፊ የተመታው የትኛው ነው?»

«ታናሽየው ነዋ፣ እትዬ።»

«እኔ ሳነበው ታላቅየውን አስመታሁት። በል እንግዲህ አንተው አስታርቃቸው።»

ሌላዋ ጸሐፊ፣ ነርሷ፣ ደግሞ የሰዎቿን ሐሳብ ሁሉ በቅንፍ አጭቃ መጣች። «እህቴ፣ ቅንፍ የሚታይ ነገር ማስቀመጫ እንጂ ጓዳ አይደለም» ተባለች።

ሁሉም እትዬን ይፈራል። የእትዬ ፍርሃት ግን መሳቢያቸው ውስጥ ነበር፤ የራሳቸው ስድስት ገጽ። በድራማው ሳይታረቁ የተለያዩትን እናትና ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠዋቸዋል። ቅርጹ እንከን አይወጣለትም። እናትየዋ የምትናገረው ግን እትዬ ከተኮራረፏት ልጃቸው ጋር ሳይነጋገሩት የቀሩትን ነው። «እናትየዋ እርስዎ ነዎት» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ መግቢያ የላቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ባለ ታክሲው ጠየቀ፤ «የእርስዎን መቼ ነው የምንሰማው?»

«ገና አልታረመም።»

«አራሚው ማን ሆኖ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የእትዬ እጅ ግን ሳያማክራቸው መሳቢያውን ከፈተ። ነርሷ እናትየዋን፣ ባለ ታክሲው ልጅየዋን ሆነው ማንበብ ጀመሩ። እትዬ በሩን በዓይናቸው እየለኩ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ተቀመጡ።

አራተኛው ገጽ ላይ ባለ ታክሲው ማንበቡን አቆመ። አወቀብኝ አሉ በልባቸው።

«ስም ጎድሎ ነው?» አሉ ማስመሪያውን ሳብ አድርገው።

«ስሙማ አለ፣ እትዬ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «ይህች ልጅ እኔን መሰለችኝ። እናቴን ካየኋት ስንት ጊዜዬ።»

ማንም ስለ እትዬ አልጠየቀም። ሁሉም የየራሱን እናት ማሰብ ያዘ።

ጽሑፉ አሁን በቅዳሜ ጓደኞቻቸው ጥያቄ ተባዝቶ ለማያውቋቸው ሰዎች ሊሄድ ነው፤ እትዬም እንቅልፍ አጥተዋል። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በእርሳስ እንዲህ ብለዋል፤ «አንባቢ ሆይ፣ ብቻህን አታንብበው። አጠገብህ ላለ ሰው አንዱን ድምፅ ስጠው፤ ሰው ከሌለ ለራቀህ ሰው ደውልለት። ካልጣመህም፣ አደራህን፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ።»