ከሥጋ ቤት በላይ የቆመች መርከብ

ለዓመታት ይዤው የምዞረው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የዚህ ከተማ ሰው መንገድ ሲጠየቅ «አላውቅም» የማይለው ለምንድን ነው?

ካላመናችሁኝ ሞክሩት። መካኒሳ አቦ አካባቢ ቁሙና የሌለ ቦታ ፈልስፋችሁ ጠይቁ። «የኮሎኔሉ ግቢ በየት በኩል ነው?» በሉ። ኮሎኔልም ግቢም እንደሌለ እናንተ ታውቃላችሁ። የተጠየቀው ሰውዬ ግን ቆም ይላል፣ አገጩን ያሻል፣ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ ከዚያ «እህ፣ ኮሎኔሉ» ይላችኋል። ቀጥሎ ቁልቁል እየጠቆመ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ እንድትታጠፉ፣ ዛፉ የተቆረጠበትን ቦታ እንድታልፉና እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው እንድትጠይቁ ይነግራችኋል። ልብ በሉ፤ ወፍጮ ቤቱ የለም፣ ዛፉ የለም፣ ኮሎኔሉም የለም። ያላችሁት እናንተና ሰውዬው ብቻ ናችሁ። እሱም ቢሆን ክፋት የለበትም። ጠያቂን ባዶ እጁን መሸኘት፣ እንግዳን ምንም ሳያስቀምሱ ከደጅ እንደ መመለስ ሆኖ ስለሚሰማው ያለውን ያቀርባል። ያለው ግምት ነው።

እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ሰው ሁለተኛ ሰው አይጠይቅም። የመጀመሪያው በነገረኝ መንገድ፣ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ እንኳን፣ ከዓይኑ እስክሰወር ድረስ እሄዳለሁ፤ ቅር እንዳይለው። በዚህ ዓይነት ሳልፈልገው ያልገባሁበት የላፍቶ ጉራንጉር የለም። ስለዚህ ስልክ ላይ ካርታ ሲመጣ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ማሽን ፊት የለውም፤ ፊት የሌለው ነገር አያሳፍርም።

ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ ስመረቅ ዘመዶቼ «ምን ያሠራል?» ይሉኝ ነበር። የመርከብ መሣሪያ ያሠራል ብዬ ብመልስላቸው ኖሮ ጠበል ይወስዱኝ ነበር። የሆነው ግን እሱው ነው። ላፍቶ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሥጋ ቤትና ከሞባይል ጥገና በላይ፣ የባሕርተኞች ማሠልጠኛ ተከፍቶ እንግሊዝኛ የምትችል ተርጓሚ ትፈለግ ነበር። ባሕሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ያሉት ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ነው እንጂ እንዲያው ለወሬ አልነበረም።

ባለቤቱ አቶ ጌጡ ይባላሉ። ከዚህ በፊት የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛ ነበራቸው፤ ከዚያም በፊት የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት። አሁን ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር ያለበት ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ተማሪዎቹም «ካፒቴን» ይሏቸዋል። ባሕር አይተው ያውቁ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲዞሩ የተነሡት ፎቶ ቢሯቸው ውስጥ ተሰቅሏል። ቀይ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሰው በሁለት እጃቸው የጀልባዋን ጠርዝ ይዘዋል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን የማያውቁትን ባሕር ናፍቀው ማስተማር ጀመሩ።

የማሠልጠኛው ኩራት አንድ መሣሪያ ነው፤ ቻርት ፕሎተር ይባላል። እንጀራ ማቅረቢያ ትሪ የሚያህል ስክሪን ነው፤ በውስጡ የባሕር ካርታ አለ። በረንዳው ላይ ከተተከለችው እንጉዳይ የምትመስል አንቴና የሳተላይት ምልክት ይቀበልና መርከቧ የቱ ጋ እንዳለች በትንሽ ጥቁር ምስል ካርታው ላይ ያሳያል። ሰማያዊው ውሃ፣ ቢጫው የብስ፣ ቁጥሮቹ ጥልቀት። ዋናው መምህር የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ ተማሪዎቹ እኔን «ቲቸር» ማለት ጀመሩ። ውሃ ያየሁት በባልዲ ነው ብዬ ለማስተባበል አፈርኩ።

ላፍቶ ላይ መርከብ ስለማይነዳ የምንለማመደው በመሣሪያው የልምምድ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙን ስትከፍቱት መርከቧ የሌለችበት ባሕር ላይ ያለች መስላ ትንሳፈፋለች። ተማሪዎቹ ከወደብ ወደ ወደብ ሲወስዷት ይውላሉ። ከሁሉም ቀልጣፋው ሙክታር ነበር። እንደ እኔው ጀሞ ተወልዶ ያደገ፣ በዚያው መስመር ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ልጅ ነው። አሁን ታክሲውን ለወንድሙ ትቶ ባሕርተኛ ሊሆን ቆርጧል። እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለተናገሩ የሰፈሩ ሰው ገና ካሁኑ «ባሕረኛው» እያለ ነው የሚጠራው። አንዷ ጎረቤታቸውማ ከመርከብ ላይ ሽቶ እንዲያመጣላት አዝዛዋለች። እንዲህ ተብሎ ታክሲ ላይ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

አንድ ቀን አቶ ጌጡ የምሥራች አሉ። አንድ የመርከብ ድርጅት ከተማሪዎቻችን አንድ ሰው ሊወስድ ስለፈለገ መራጩ ሊመጣ ነው። መራጩ ሸምገል ያሉ ሕንዳዊ ካፒቴን፣ የእውነቱ ካፒቴን፣ ናቸው። ሁላችንም የምናውቀው ቦታዋ የሙክታር እንደሆነች ነው። እሱም ያውቀዋል። የዚያን ዕለት ጫማውን ሁለቴ አስጠርጎ መጣ።

ካፒቴኑ ሲገቡ የኛ «ካፒቴን» ሸሚዛቸውን በኮት ሸፈኑት፤ ጥሩ አደረጉ። ሙክታር መሣሪያው ፊት ቆመ። እኔ በመሀል ለመተርጎም ተዘጋጀሁ። ያኔ መብራት ሄደ። ወዲያው መጣ። ለእኛ ይሄ ምንም አይደለም፤ መሣሪያው ግን ከእንቅልፉ ሲነቃ የልምምዱን ባሕር ረስቶታል። እውነተኛ ቦታውን ፈለገ፣ አገኘ፣ አሳየ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ትንሿ ጥቁር መርከብ ቢጫው መሀል ቁጭ ብላለች። ጥልቀት በሚጻፍበት ቦታ ሰረዝ ብቻ ተደርድሯል። መሣሪያውም ይጮህ ጀመር፤ ሥራው ነው፣ መርከብ መሬት ላይ ስትወጣ መጮህ አለበት።

አቶ ጌጡ ጆሮዬ ሥር «ዝም አስብያት ይቺን» አሉኝ። ተጫንኳት፤ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም።

ካፒቴኑ ስክሪኑን አዩ፣ ሙክታርን አዩ፣ ከዚያ በጣም በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። መርከቧ የት ናት?

ተረጎምኩለት። ሙክታር ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። «አላውቅም» የሚለው አንድ ቃል በቂው ነበር። እሱ ግን ቆም አለ፣ አገጩን አሻሸ፣ ኮርኒሱን አየ። አወቅሁት። የኮሎኔሉን ግቢ ሊያሳየን ነው።

«መርከቧ ወደብ ልትገባ ትንሽ ነው የቀራት» አለ። «ይሄ ቢጫው የባሕሩ ዳር አሸዋ ነው። በጣም ስለተጠጋን ነው የሞላው።»

እንግዲህ ተርጓሚ መሆን ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ካፒቴኑ አማርኛ አይችሉም። ሙክታር እንግሊዝኛው «ላስት ስቶፕ» ላይ ያበቃል። በመሀል ያለሁት እኔ ነኝ። «መሬት ላይ ነን፤ መሣሪያው ከልምምድ ወጥቷል ይላል» ብዬ ብተረጉም ልጁ መርከብ ላይ ነው፣ እናቱ ምርቃት ላይ ናቸው፣ እኔም ውለታ ላይ ነኝ። ውሸቱ ደግሞ እውነት ነው፤ እውነት መሬት ላይ ነን። አቶ ጌጡ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ሌላ ጊዜ በክርን የተጎሸመ ዓይን አፋር የተባለውን ያደርጋል። እኔ ግን ያን መመሪያ ስተረጉም ከርሜ፣ ስለ ዓለት ብዙ አንብቤ ነበር። ሙክታር ያለውን ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ካፒቴኑ አልሳቁም። «ከሥራችን ያለው ውሃ ምን ያህል ነው በይልኝ» አሉ።

ሙክታር ሰረዞቹን አየ። «ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ መሣሪያው ሊለካው አልቻለም» አለ።

ከሥራችን ሥጋ ቤት ነው። የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል።

«እርግጠኛ ነው?»

«መቶ በመቶ በያቸው፣ ቲቸር።»

ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ሄደው ቁልቁል ተመለከቱ። በዚያ መስኮት የሚታየው ብቸኛ ሰማያዊ ነገር ሚኒባስ ታክሲ ነው። «እንደሱ እርግጠኛ ከሆነ ሰው ጋር አንዴ ሠርቻለሁ» አሉኝ በዝግታ። «መርከቧ እስካሁን ዓለቱ ላይ ናት።» ይህን ለማንም አልተረጎምኩም፤ የተነገረው ለእኔ መሰለኝ። ሰውየው ቦታዋን ለማንም ሳይሰጡ፣ ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው አንድ ሰው እንደሚመርጡ ተናግረው ሄዱ።

አሁን በጨዋ አገር ቢሆን ከዚህ በኋላ ስብሰባ ይጠራና «ተማሪዎቻችን የብስና ባሕር ስለማይለዩ ምን እናድርግ?» ይባላል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ስብሰባውስ ተጠርቶ ነበር። አቶ ጌጡ ጉዳዩን አጥንተው ጥፋተኛውን ይዘዋል፤ አንቴናዋ ናት። እሷ ባትኖር መሣሪያው የት እንዳለ አያውቅም፣ የት እንዳለ ካላወቀ አይጮህም፣ ካልጮኸ አያዋርድም። በገዛ እጃቸው ፈትተው ከበረንዳው አወረዷትና ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉባት።

«ከእንግዲህ መርከቧ የት እንዳለች የምንነግራት እኛ ነን» አሉ።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ሁለቴ አጨበጨብኩ፤ እጄን የት እንደማደርገው ስላላወቅኩ ነው። ስንት መሥሪያ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ስንት አንቴና ተቆልፎ እንደሚኖር እያሰብኩ ነበር። አቶ ጌጡ ሲወጡ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንቺም ልጄ፣ ትርጉም ማለት ቃል መቁጠር አይደለም። የወገን ገመና ይሸፈናል። በሚቀጥለው እንደሚሆን እንደሚሆን አድርገሽ ታስተካክዪዋለሽ» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ለእርሳቸው ከእሺ ሌላ ነገር ብዬ አላውቅም።

ታክሲ ተራው ላይ ሙክታር ጠበቀኝ። ከኋላዬ ተሰልፎ፣

«ቲቸር፣ ምን ነበረበት ትንሽ ብታለሳልሺው?» አለኝ።

«ምኑን ላለስልሰው? ወደብ ደረስን አልክ፤ ወደብ ደረስን አልኩ።»

«እኔ የምለውን ማ በይ አለሽ? የሚባለውን አትይልኝም?»

«መርከቡ ላይስ ማን ይልልሃል?»

«እሱ እዛ ሲደረስ ይታያል። መጀመሪያ ልውጣ።» ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆይ ግን፣ ቢጫው ምን ነበር?»

«ላፍቶ።»

«የቱ ላፍቶ?»

«ይሄ የቆምክበት።»

ዞር ብሎ ሕንፃውን አየ፣ ሥጋ ቤቱን አየ፣ ታክሲዎቹን አየ። «የኛ ላፍቶ? ስነዳበት የኖርኩት?» አለ። ሳቁ መጣበትና መሀል ላይ ተወው። «አላውቀውም ብልስ ኖሮ?»

«ማለት ነበረብሃ።»

«እንዴት ነው ሰው ፊት እንደሱ የሚባለው? ተሳፋሪ ይደርሳል ወይ ሲለኝ አላውቅም ካልኩት ማን ይገባልኛል? አንቺ ራስሽ ትገቢ ነበር?»

እውነቱን ነው፤ አልገባም ነበር። መንገዱን የማያውቅ ግን የሚተማመን ሹፌር ጋር ገብቼ፣ ሳላወራ፣ ያደረሰኝ ቦታ እወርድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከሙክታር ብቻ አለመሆኑን ያየሁት። የሚገምት ሰው ያለው፣ ተገምቶለት «አመሰግናለሁ» ብሎ የሚሄድ ስላለ ነው። እኔ ነኛ! ከዓይኑ እስክሰወር ድረስ በተሳሳተው መንገድ የምሄድለት።

«ክረምቱ ሲወጣ ታስተካክዪልኛለሽ አይደል?» አለኝ፣ ታክሲው ሲመጣ።

እዚህ ላይ ነው የወሰንኩት። ሰኞ ጠዋት አቶ ጌጡ ቢሮ ገብቼ አንቴናዋን እንዲሰጡኝ እጠይቃቸዋለሁ። በረንዳው ላይ መልሼ እተክላትና ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ቢጫው ፊት አቆማቸዋለሁ፤ የት እንዳሉ በመስኮቱም በስክሪኑም አይተው እስኪነግሩኝ ድረስ ወደ ሰማያዊው አላሳልፋቸውም። እምቢ ካሉኝ የሚያለሳልስላቸው ተርጓሚ ይፈልጉ። የምናገረውን ዓረፍተ ነገር ከላፍቶ እስከ ጀሞ በሆዴ ተለማምጄዋለሁ፤ እስካሁን «ይቅርታ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቶብኛል፤ ሁለቱን ለማውጣት እየሞከርኩ ነው።

ለሙክታር ግን ሰኞን አልጠበቅኩም። በሩ ሳይዘጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እሱ ከሚለው ውጪ አንዲት ቃል እንደማልጨምርለት ነገርኩት።

«የሰፈሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ነኝ እንጂ። እንዲሰምጥብኝ የማልፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ቅዳሜ በጠዋት እንዲመጣ ነግሬው ታክሲው ውስጥ ገባሁ።