ሩማኒያው አጥቂና የወንድሜ ዕድሜ

ሰው የሚያረጀው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው? አትሳቁ። ይህን ጥያቄ ቢቸና ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው ያገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ ይዤው ገባሁ፤ መልስ ሳላገኝለት ይዤው ወጣሁ።

ነገሩ የመጣው ከሩማኒያ ነው። ያን ጊዜ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚላኩ ባለ ቀለም መጽሔቶች የቀበሌያችን ንባብ ቤት ይደርሱ ነበር። እኔ ከሰው ይልቅ ወረቀት ስለሚቀለኝ ከዚያ አልጠፋም። አንድ ቀን የኳስ ቡድናችን ግር ብሎ ገባ። አሠልጣኙ ጓድ ደሴ ኳስ የሚመታ ፈረንጅ ያለበትን መጽሔት ፊቴ ዘረጉና፣ "አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አሉ። በይ ይህን ሰው አንብቢልን" አሉኝ።

አነበብኩ። ከኋላ አንዱ፣ "ኧረ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ! ንስሐ አስመሰልሽው እኮ" አለኝ።

ሰውየው አጥቂ ነው። ስሙ ለምላስ ስለከበደ "ሩማኒያው" ተባለ። የባቡር ሠራተኞች ቡድን ውስጥ ጀመረ፤ ጉልበቱ ተሰብሮ ብዙ ጊዜ ተኛ፤ ተነሣና ወደ ዋና ከተማው ቡድን ተዛወረ፤ እዚያም ጎል በጎል ሆነ። እስከዚህ ሁሉም ደስ ብሎታል። ከዚያ ጓድ ደሴ የትውልድ ዓመቱን ጠየቁ። የተጻፈውን ነገርኳቸው። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ጽፈው ከእኛ ዓመት ቀነሱትና "ሃያ አምስት!" ብለው ጮኹ።

የቢቸና አጥቂ ወንድሜ አያሌው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጓድ ደሴ ዞር ብለው አዩት። የሠለጠነው ዓለም አጥቂ ሃያ አምስት ከሆነ፣ ለሞጣው ግጥሚያ ወጣት እናስገባለን፤ አንተ ውሃ ታቀብላለህ አሉት። አያሌው ፊቱ ጠቆረ። ባለፈው ዓመት ሞጣ ሜዳ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ያንን ሊያካክስ ዓመቱን ሙሉ ሲብከነከን የኖረ ሰው ነው።

የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባት ስምንት ዓመት እንደሚቀድም አውቃለሁ። "የፈረንጅ አቆጣጠር እኮ ነው" አልኩ። ማን ሰማኝ? እኔ ራሴ የሰማሁት በግድ ነው።

አንዱ ተጫዋች ግን ሌሎቹን ዓመቶች አይቶ ደነገጠ። ሰውየው ወደ ዋና ከተማው የተዛወረው ገና ባልመጣ ዓመት ነው! ጎሎቹም ከዚያ ወዲያ ናቸው። አሁን ይገባቸዋል ብዬ ተነፈስኩ። ጓድ ደሴ ግን ምን ገዷቸው!

"እቅድ ነው!" አሉ። "ሶሻሊስት አገር ሁሉ ነገር በእቅድ ነው። ጎሉን ቀድመው አቅደውታል።"

ቤቱ በአድናቆት ተሞላ። "ጉልበቱ የተሰበረውም በእቅድ ነው?" ያለውን ተቆጡት።

የግጥሚያው ቀን በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ስንሄድ አያሌው የውሃ ጀሪካን ታቅፎ አጠገቤ ተቀምጧል። አላስቻለኝም። "ወንድም ጋሼ፣ ሩማኒያው እኩያህ ነው" ብዬ ሂሳቡን በጆሮው ነገርኩት። ሜዳው ዳር እንደወረድን እጄን ይዞ ጓድ ደሴ ፊት አቆመኝ።

"በይ ንገሪያቸው! ደግሞ እንዳታንሾካሹኪ።"

ጮኼ ተናገርኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሞጣ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ሰሙኝ። ጓድ ደሴ በጣታቸው አየር ላይ ደመሩ። ደግመው ደመሩ። "እንዲያ ከሆነ ግባ" አሉት።

እውነት አሸነፈች ብዬ አጨበጨብኩ። እውነት ግን ሳንባ አትሆንም። አያሌው ብዙም ሳይሮጥ ወገቡን ይዞ ቆመ። ሞጣዎች "ጋሼ፣ ከዘራ እናምጣልዎ?" እያሉ ይስቁበታል። ተሸነፍን። ስንመለስ ጀሪካኑን እንደታቀፈ ነው፤ ውሃውን ግን ራሱ ይጠጣዋል።

"ምናለ ሩማኒያውን ሃያ አምስት ላይ ብትተዪው?" አለኝ።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ሩማኒያውም አያሌው ኳስ ባቆመበት በዚያው ዓመት መጫወት አቁሟል። እኩያሞች ናቸው አላልኩም?

እኔ ዘንድሮ ሃያ ሰባት ሞላኝ። ስላላገባሁ ዕድሜዬን የሚቆጥሩት አክስቶቼ ናቸው፤ በየሰርጉ "ስንት ሆነሽ?" ይሉኛል። እንደ ሞጣው ጮኼ እውነቱን ልናገር? ምን እንዳተረፈልን አይቻለሁ። እናም ወሰንኩ። የትውልድ ዓመቴን በፈረንጅ አድርጌ ከእኛ ዓመት ቀነስኩት። አሥራ ዘጠኝ!

ታዲያ ያን ዲግሪ መቼ ጨረስሽ የሚለኝ ቢመጣስ?

እቅድ ነው እለዋለሁ።