ዙሙና የኦቦ ቶለራ ጫማ

አምቦ ውስጥ ካሜራ የሌለው ሰው ሁሉ የካሜራ አዋቂ ነው! ካሜራ ያለውማ ዝም ብሎ ፎቶውን ያነሳል። የሌለው ግን… አቤት ምክሩ! አቤት ትንታኔው! እስቲ እናንተም "ካሜራ ልገዛ ነው" የምትል አንዲት ቃል ከአፋችሁ ትውጣ። የዚያን ቀን ሻያችሁን በሰላም ጠጥታችሁ ከተነሳችሁ እኔን ውሸታም በሉኝ።

እኔን ያመለጠችኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ለጉዞ የምትሆን፣ ኪስ የምትገባ፣ ሩቁን የምታቀርብ ካሜራ ፈልጌያለሁ አልኩ። ይህን ያልኩት ለራሴ ነው ማለት ይቻላል። ደረጄ ግን ሰማ። ደረጄ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ባልደረባዬ ነው፤ በዕድሜው አንድ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ሲነሳ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል!

"ሜጋፒክስሉ ስንት ነው?" አለኝ።

"የቱ?"

"የምትገዛው ነዋ!"

"ገና አልገዛሁም እኮ።"

"እሱን ሳታውቅ ነው ልትገዛ የተነሳኸው?" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። "ለማንኛውም ዋናው ዙሙ ነው። ዙም የሌለው ካሜራ ካሜራ አይባልም። ደግሞ ኦፕቲካል ነው ዲጂታል ብለህ ጠይቅ፤ እንዳትሸወድ!"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ኦፕቲካሉ… ያው ኦፕቲካል ነው። ዲጂታሉ ደግሞ… በቃ ዲጂታል ነዋ!"

ይኸው ነው እንግዲህ ሊቅነቱ! ይህን የሚያህል ዕውቀት ጠረጴዛ ላይ ታቅፎ የሚውል ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል።

ግን አልዋሻችሁም፤ ዙም የሚለው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ምክንያት አለኝ። የአገራችን ሰው ካሜራ ሲያይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ… ይደርቃል! ሲስቅ የነበረው ይኮሳተራል፤ እጁን ከጎንና ከጎኑ ለጥፎ መዝሙር እንደሚሰማ ወታደር ቀጥ ይላል። ከዚያ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ "እግሬ ገብቷል?" ይላችኋል። እግር ያልገባበት ፎቶ ለእሱ ፎቶ አይደለም፤ አካል ማጉደል ነው። እኔ ደግሞ የጉዞ ፎቶ ነው የምፈልገው። ደንዲ ሐይቅ ዳር፣ ጊንጪ ገበያ፣ ሰው ሳያውቀኝ፣ ሳይደርቅብኝ፣ ከሩቅ ሆኜ ቀጭ! ላደርግ ነበር ሐሳቤ።

ባለቤቴ ጫልቱ ይህን ስትሰማ የራሷን ጉዞ ይዛልኝ መጣች።

አባቷ ኦቦ ቶለራ የጄልዱ ሰው ናቸው፤ ከጎጆ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት ደጋ፣ ገብስና ድንች እያመረቱ ይኖራሉ። ጫልቱ አምና በመንገደኛ እጅ የቆዳ ጫማ ልካላቸው ነበር። ጫማው መድረሱ ተረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ተምታታ። ከጎጆ የመጣ አንዱ "አባትሽን ሳያቸው በጎማ ጫማ ነበሩ" ይላታል። ሌላው ደግሞ "ወንድምሽን ገበያ ላይ በቆዳ ጫማ ሲንጎማለል አየሁት" ብሎ ይሄዳል። ጫልቱ ሄዳ እንዳታይ ድርስ እርጉዝ ናት፤ ያንን መንገድ በዓይኗም እንዳታየው ጤና ጣቢያ ነግረዋታል።

"ስማ" አለችኝ፤ "አባቴን ከነጫማው አንስተህ አምጣልኝ። ጫማው እሱ እግር ላይ መሆኑን በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም።"

"እሺ።"

"ደግሞ ግድግዳችንን እየው። ያንተ አጎት፣ ያንተ አክስት፣ ያንተ የክርስትና አባት… የኔ ዘመድ የታለ? አባቴ እዚህ መሐል ይሰቀላል። ከነጫማው!"

ነገሩ እንግዲህ ይኼን ያህል ግልጽ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጥንድ ጫማ። ይህን ለማበላሸት ልዩ ተሰጥዖ ይጠይቃል።

ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሁለት ካሜራ አወጣልኝ። አንዷ ጠፍጣፋ፣ የሬዲዮ ድንጋይ የምትጎርስ፣ ዙሟ እዚህ ግባ የማይባል ነበረች።

"ጋሼ፣ ይቺ ጠባብ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ሙሉውን ታነሳለች" አለኝ። "ድንጋይዋ ደግሞ የትም ሱቅ አለ።"

በንቀት አየኋት። የመታወቂያ ፎቶ ማንሻ! ወደ ሌላኛው ዞርኩ። እሱን ስነካው ከውስጡ ቱቦ ወጣ። ከቱቦው ውስጥ ሌላ ቱቦ፣ ከዚያም ሌላ… የዝሆን ኩምቢ በሉት! ሱቁ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አሻግሬ ወደ ልብስ ሰፊው አዞርኩት። ክሩ መርፌው ውስጥ ሲገባ ታየኝ። በቃ፣ አለቀልኝ!

"ኦፕቲካል ነው ዲጂታል?" አልኩ፣ አዋቂ ለመምሰል።

ሸምሱ ካርቶኑን ገልብጦ አየ፤ እኔም አየሁ። ካርቶኑ በቻይንኛ ነው የተጻፈው።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ የሚያነሱት ሰው ነው ወፍ?"

"ሁለቱንም!"

"እንግዲያው ይውሰዱት" አለኝ። አሁን ሳስበው ሰውዬው በትህትና አስጠንቅቆኝ ነበር። ግን ነጋዴ ቢመክርህ ማን ይሰማል?

ከአምቦ ጊንጪ በሚኒባስ፣ ከጊንጪ ጎጆ በቅጥቅጥ አይሱዙ ሄድኩ። የመንገዱን ነገር ተዉት፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ከኛ ጋር ይሳፈራል። እኔ ግን መስኮቱን አላዘጋም! ማዶ ያለውን ጋራ እያቀረብኩ፣ እያራቅኩ፣ እያቀረብኩ… ቱቦው ክርር ብሎ ሲወጣ፣ ክርር ብሎ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደኔ አሰገገ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ጋበዝኳቸው።

"እዚያ ማዶ በጎች ይታዩዎታል?"

"የታሉ? አይታዩኝም።"

"ይኸው በዚህ ይመልከቱ!"

አዩ። ጥቂት አሰቡና "የማን በጎች ናቸው?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ያደርጉልሃል?" ብለው ካሜራዬን መለሱልኝ። ጥበብ የማይገባው ሰው ጎን መቀመጥ እንዴት ያደክማል! ተናድጄ እንደገና ቱቦውን ሳወጣ አቧራው ውስጡ ገብቶ ኖሯል፤ ክርር… ክር… ቋ! አለና ቀረ። ወጥቶ፣ መጨረሻው ድረስ ተወጥሮ፣ አልመለስም አለ። ብነካካው፣ ብነፋበት፣ ብለማመጠው… የለም።

እንዲህ ሆኜ ኦቦ ቶለራ ደጃፍ ደረስኩ። አማቴ ስለመጣሁ ደስ ብሏቸው ምድሪቱ ጠበበቻቸው። አማችና አማት በነሱ ወግ ይከባበራሉና እሳቸውም እኔን አንቱ ነው የሚሉኝ። ጫልቱ የላከችኝን ነገር ስነግራቸው ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እዚያ ውስጥ ጫማው! ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ልጃቸው የላከችላቸውን ለቀን በቀን እንዴት ያድርጉት? የወንድሟ ወሬ ውሸት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጥሩ ወሬ ይዤ ልመለስ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ጫማቸውን አጠለቁ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን ደፉ። ደረቁ! እጅ ከጎን፣ አገጭ ወደ ላይ። ካሜራውን አነሳሁ። አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ታየኝ።

አዎ፣ ጎረቤት ሳይቀር ግቢውን ሞልቶ እያየኝ፣ ያ ሁሉ ቱቦ የሚያሳየኝ የአማቴን አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ነው! ወደ ኋላ ሄድኩ። ጺም መጣ። ትንሽ ሄድኩ፤ ጺምና አንድ ዓይን። ጫማው ድረስ ለማስገባት ጊንጪ መመለስ ሊኖርብኝ ነው። ብቻ ወደ ኋላ እየሄድኩ ግቢው በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጺሙ ጠፍቶ የአፍንጫ ቀዳዳው ተመልሶ መጣ። ቀና ስል… ኦቦ ቶለራ አጠገቤ ቆመዋል!

"ምነው ምሳ ሳይበሉ?" አሉኝ።

"ኧረ አልሄድኩም! ፎቶው እንዲገባ ነው ወደ ኋላ የምሄደው። እዚያው ይቁሙልኝ።"

"እንግዳ ከግቢዬ ሲወጣ እኔ ቤቴ ደጃፍ ተገትሬ? ምን ይሉኛል?"

አስረዳሁ፤ ለመንኩ። እሺ ብለው ተመለሱ። ከግቢው ወጥቼ ወደ ኋላ እያየሁ፣ ማለቴ ወደ ፊት እያየሁ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ራቅ አልኩ። ኮፍያ፣ ፊት፣ ደረት ገባ። ጉልበት ገባ። ትንሽ ብቻ ቀረኝ… እሳቸው ግን አልቻሉም! ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ። እንግዳ እየራቀ ቆሞ ማየት አልሆነላቸውም፤ መጡ። እሳቸው ሲመጡ ጎረቤቱም ሊሸኘኝ ተከትሎ መጣ። እኔ በራቅኩ ቁጥር ሸኚዬ እየበዛ ይቀርበኛል!

ያ ብቻ ቢሆን በተሻለ። መሬቱ ጭቃ ነው። ኦቦ ቶለራ የልጃቸውን ጫማ በጭቃ ሊረግጡ? እግዜር ያሳያችሁ! መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ያወልቁትና ብብታቸው ስር ያደርጉታል። ሲቆሙ አንድ ጎረቤት ይደግፋቸውና እግራቸውን በቅጠል ጠርገው መልሰው ያጠልቁታል። እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱልኝ፦ ጫማው እግራቸው ላይ ሲሆን እኔ ቅርብ ነኝ፤ አፍንጫ ብቻ ነው የሚገባው። ሙሉ ሰው እንዲገባ ስርቅ ደግሞ አማቴ በባዶ እግራቸው፣ ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው እየመጡልኝ ነው!

በዚህ መሐል ገብስ ውስጥ ገብቻለሁ። የገብሱ ባለቤት ሊቆጣ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ ቁጣው በረደ።

"አማቱን አክብሮ ነው የማይቀርባቸው" አለው ለሌላው።

"ሶዳ ማለት እንዲህ ነው!" አለ ሌላው። ሶዳ የሚሉት አማችን ነው። "እንደዛሬ ልጆች አይደለም። እየው፣ ጀርባውን እንኳ አይሰጣቸውም!"

ሕዝቡ በኔ ኮራ። ጫልቱ ግን ክብሬን ግድግዳ ላይ አትሰቅለው! ከገብሱ በታች ያለችውን ትንሽ ወንዝ ዘልዬ ማዶ ወጣሁ። "እዚያው!" ብዬ ጮህኩ። "ኮቱ! ኮቱ!" እያለ ሕዝቡ ና ተመለስ ይለኛል። ጉሙ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ከላይ መውረድ የጀመረው። መጀመሪያ ቤቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ገብሱ። ካሜራው ጥግ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ባትሪው ማለቁ ነው። መንገዱን ሙሉ የሰው በግ ሳቀርብ ሳርቅ ጨረስኩታ! እዚያ መንደር መብራት የለም። የሸምሱ ጠፍጣፋ ካሜራ የምትጎርሰው ድንጋይ ግን ከገብሱ ዳር ያለች ሚጢጢ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አይቻለሁ።

አለቀሰ ብትሉኝ አልክድም። ጫልቱ ምን እንደምትለኝ እያሰብኩ ወንዙ ዳር ቁጢጥ አልኩ። ኦቦ ቶለራ በባዶ እግራቸው ወንዟን ተሻግረው አጠገቤ መጡ።

"ምንድን ነው ያስቸገርዎት?"

"ሙሉውን አላስገባም አለኝ፤ ሊጠፋም ነው። አንዲት ፎቶ ቢቀረው ነው።"

እሳቸውም ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ጠራረጉ፣ ጫማውን አጠለቁ፣ ክሩን አሰሩ። እግራቸውን ወደኔ ዘረጉ።

"ፊቴን ልጄ ታውቀዋለች" አሉኝ። "ጫማውን ያንሱላት።"

በቱቦው አየሁ። ከተቀመጥኩበት ጫማው ልክክ ብሎ ገባ፤ ሁለቱም፣ ከነክሩ፣ ከነቁርጭምጭሚቱ። ቀጭ! ካሜራው ጠፋ።

አምቦ ተመልሼ ፎቶ ቤት ሳሳጥብ ባለሙያው "ሰውየውስ?" አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ጫልቱ እጅ ላይ ሳስቀምጠው ስድቡን ለመቀበል ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን በጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ነካካችው።

"ይቺን ጠባሳ አጥራችንን ዘሎ የገባ አጋዘን ሲያባርር ነው ያገኛት" አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። "እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው ያደረገው!" ስቅስቅ ብላ እንባና ሳቅ ቀላቀለች። የእሷ ደስታ እኔንም ደስ አሰኘኝ።

በማግስቱ በወርቃማ ፍሬም አስገባችው። አሁን ከአጎቴና ከክርስትና አባቴ መሐል፣ ከፍ ብሎ፣ አንድ ጥንድ ጫማ ተሰቅሏል። ደረጄ መጥቶ አየውና "ሜጋፒክስሉ ግን አሪፍ ነው" ብሎ ሄደ። ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ጫልቱን ሊጠይቁ መጡ። ግድግዳውን ቃኙ፣ አጎቴን አለፉ፣ ጫማው ላይ ቆሙ።

"እኚህስ ማን ናቸው?" አሉ።

"አባቴ ናቸው" አለች ጫልቱ።

እትዬ አስቴር ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸው። ጫማውን አዩ፣ ጫልቱን አዩ፣ እንደገና ጫማውን አዩ።

"ውይ… ቁርጥ አንቺን!"

ጫልቱም ኮራ ብላ "አዎ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ" አለቻቸው።