ባላምባራስ የሺጥላ በሁዳዴ ስለ መክበዳቸው

በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ቤተ መንግሥቱ ከነጓዙ ወደ እንጦጦ ወጥቶ አንኮበር ለጉምና ለጎተራ ጠባቂ በቀረች ጊዜ፣ ጠላት በሌለበት የማይፈሩት፣ ገበታ በቀረበበት የማያፈገፍጉት፣ ጎተራ ሲጠብቁ ኖረው የጎተራን ቅርጽ የወረሱት ባላምባራስ የሺጥላ በተሾሙ በዘጠነኛው፣ በቅሏቸው ይመኙሻል በተቀመጠች በአንደኛው ዓመት የሆነው ይህ ነው። ወላጆቻቸው የሺህ ሰው ጥላ ይሁን ብለው ስም ሲያወጡላቸው ትንቢቱ በቁመት ሳይሆን በወርድ እንደሚፈጸም አላወቁም ነበር።

የይመኙሻል መቀመጥ ምን እንደ ሆነ ያልሰማ ቢኖር ይስማ። በቅበላው ዐርብ ባላምባራስ አልዩ አምባ ገበያ ውለው ሲመለሱ፣ ያች ዘጠኝ ዓመት ያለ አንዲት እሮሮ የተሸከመቻቸው ዳማ በቅሎ ከአቀበቱ እኩሌታ፣ ወይራው ሥር ስትደርስ ቆመች፤ ግራና ቀኟን አየች፤ ከዚያም ሳትሰናከል፣ ሳትወድቅ፣ እንደ ደከማት ወይዘሮ አረፍ ብላ ተቀመጠች። የአሞሌ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ ማር ሻጩ፣ ቆላ ወራጁና ደጋ ወጪው ሁሉ ቆሞ አየ። ቢለምኗት፣ ገብስ ቢያሳዩአት፣ በአለንጋ ቢያስፈራሯት አልተነሣችም፤ ባላምባራስ ከጀርባዋ በወረዱ ጊዜ ግን ወዲያው ተነሥታ አቀበቱን ብቻዋን እየሰገረች ወጣች። አንድ የአርጎባ ነጋዴ ሱብሐነላህ ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ከሁሉም ይልቅ ይህች አንዲት ቃል አመመቻቸው።

በማግሥቱ ነጋሪት ቢያስፈልጉ ነጋሪቱ ሁሉ እንጦጦ ነበርና፣ ከጎረቤት የሠርግ ከበሮ ተውሰው በጎተራው ደጃፍ አስመቱና ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

"የአንኮበር ሰው ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው ንገር። በቅሎዬ ያለ ቅሬታ እስክትሸከመኝ ድረስ በበቅሎ ጀርባ አልወጣም። ከሰኞ ጀምሬ በየማለዳው በእግሬ እስከ ወይራው ወርጄ በእግሬ እወጣለሁ። ክብደቴም በሕዝብ ፊት ይመዘን፤ በየሁለት ሳምንቱም ዳግመኛ ይመዘን፤ የሚጎድለውንም እያየህ ተደነቅ።"

መራመዱን ቁጭት አስገደዳቸው እንበል፤ መመዘኑን ግን ማንም አላስገደዳቸውም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የተባለው ለዚህ ይሆናል።

ሚዛን የነበረው በደብሩ ዕቃ ቤት ነው። ገበዙ ዘርአ ዳዊት የጧፍ ሰም የሚመዝንበት፣ ከጣራው አግዳሚ፣ ከዝግባ ሠረገላ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ሚዛን ነበርና፣ በዘወረደ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስ በአንደኛው ወገን በጠፍር ታስረው ተሰቀሉ፤ በሁለተኛው ወገን ድንጋይ ተጫነ፤ ሠረገላው እንደ አሮጌ መነኩሴ አቃሰተ፤ ክብደታቸውም ሳይጨምር ሳይጎድል ሰባት ፈረሱላ ሆነ። ዘርአ ዳዊትም ማንም እንዳይክደው በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፈው።

ወእምዝ ዘመቻው ተጀመረ። በዘመቻውም የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው፦ በርጩማ ያዡ ገብረ ሕይወት፣ ጥላ ያዡ፣ ጋሻ ያዡ ምንም እንኳ የሚወጋቸው ባይኖር፣ የውኃ ቅል ያዡ፣ ሁለተኛው የውኃ ቅል ያዥ፣ በአቀበት ላይ ከኋላ የሚገፉ ሁለት ብርቱ ሰዎች፣ ከፊት ሆኖ አይዞዎ የሚል አንድ ባለ ጥሩ ድምፅ፣ ከእነርሱም ኋላ ለማየት ብቻ የመጡ፣ ቍጥራቸው ያልታወቀ። በዚህ ሠራዊት ታጅበው ሰኞ ማለዳ ወረዱ፤ ሲወርዱም የድል አድራጊ ገጽ ነበራቸው። ሲወጡ ግን ገብረ ሕይወት በርጩማውን አሥራ ስምንት ጊዜ ዘረጋ፣ ሁለቱም ቅሎች ተሟጠጡ፣ አይዞዎ ባዩም ድምፁ ተዘጋ። ማክሰኞ ሠራዊቱ በእኩሌታ ቀነሰ። ሐሙስ ዕለት ከበርጩማ ያዡ በቀር ሁሉም የታመመ ዘመድ አገኘ።

ባላምባራስ ግን አልቀሩም፤ ይህን ጠላታቸውም ይመሰክራል። ጭናቸው ተገትሮ፣ ባታቸው አብጦ፣ ከመደብ ለመነሣት ሁለት ሰው እየደገፋቸው ይወርዱ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና፣ ቤት በቍልፍ ባል በትዕግሥት የሚያስተዳድሩት እመቤት፣ ቅቤ በሁዳዴ ለመታሻ እንኳ አይነካም ብለው በኑግ ዘይት ያሿቸዋል። ጾሙንም አላጓደሉም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይገባም ነበር፣ ከተፈቀደላቸው አቀበት ላይ ከሚጎነጯት በስተቀር፤ ለእርሷም አስቀድመው የነፍስ አባታቸውን አስፈቅደዋል። ሲፈቱም ሽሮና ንፍሮ፣ ከዚያም ውኃ፣ ከዚያም ውኃ፣ ደግሞም ውኃ ነው። ለምኩራብ እሑድ አንድ ፈረሱላ ሙሉ እንደሚጎድልላቸው በልባቸው ቈረጡ።

ምኩራብም ደረሰ። ሕዝቡ ዕቃ ቤቱን ከበበ። ባላምባራስ ፈገግ ብለው በጠፍሩ ገቡ፤ ዘርአ ዳዊት ሰባቱን ፈረሱላ ጫነ፤ ድንጋዩ እንደ ላባ ወደ ላይ ወጣ፤ ባላምባራስ ከምድር አልተነሡም። አንድ ነጥር፣ የእጅ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ፣ ቢጨመር አልተነሡም። ሁለት ቢጨመር አልተነሡም። በአምስተኛው ነጥር ሚዛኑ ተካከለ።

በሌላ አገር ይህን የሚያስረዳ ጥበበኛ ይኖር ይሆናል። በአንኮበር ግን ሰው በሁዳዴ የሚከብድበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቅቤ ነው። አንዲት ባልቴት ቀስ ብላ አለችው፤ አንድ ዲያቆን ጮክ ብሎ ደገመው፤ ሳይመሽም ወሬው ጎረቤላን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ጀመረ። ለባላምባራስ ይህ ቀልድ አልነበረም። ጾም የገደፈ ሰው ገበታ አይጋሩትም፤ በትንሣኤም ከቍርባን ይከለከላል። እርሳቸውና ወይዘሮ ወለተሐና በቍርባን ተጋብተው ሃያ ሁለት ፋሲካ ጎን ለጎን ቆርበዋል፤ በሃያ ሦስተኛው ወይዘሮዋ ብቻቸውን ሲቆሙ የሚያየው ሕዝብ ታያቸውና በጠፍሩ ውስጥ እንደ ተንጠለጠሉ ላብ አሰመጣቸው።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደአረጋይ፣ ኃጢአትን ከሩቅ የሚያሸቱ፣ አንዳንዴም በሌለበት የሚያሸቱ፣ በዕቃ ቤቱ ደጅ ቆመው አወጁ፦

"ልጄ የሺጥላ፣ ማል ብልህ ትምላለህ፤ ሚዛን ግን አይምልም። በየቀኑ ሦስት መቶ ስግደት ስገድ። መንገድህንም አታቋርጥ። በደብረ ዘይት ዳግመኛ ትመዘናለህ፤ ቅቤው ከወጣልህ ትታረቃለህ።"

ጸሐፊው በዚህ ስፍራ ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ይስቃል። አዲስ ድካም ያሳበጠውን ሰው በሌላ አዲስ ድካም እንዲሟሽሽ አዘዙት። እስከዚያ ድረስ ያበጠው እግር ብቻ ነበር፤ ስግደቱ ወገብን፣ ትከሻን፣ ክንድን ቀሰቀሰ፤ ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ብቻ ባላምባራስ በሕይወት ቆዩ። በመፃጉዕ እሑድ ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ የሚለው ወንጌል ሲነበብ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ እርሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ለማማተብ ግራቸው ቀኛቸውን ማገዝ ነበረበት። በደብረ ዘይት ተመዘኑ፤ ሰባት ፈረሱላ ከሰባት ነጥር ሆኑ።

መምሬ ወልደአረጋይም ቍጣ እየጨመሩ ሁለተኛውን አዋጅ ተናገሩ፦

"ይህ ሰው በስግደት መካከልም ይበላል። ስግደቱ አምስት መቶ ይሁን። እስከ ኒቆዲሞስም ከደጀ ሰላም ውጭ ይቁም።"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባላምባራስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከለማኞች ጋር ቆመው አስቀደሱ። በልባቸውም ተመራመሩ። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠው አንዲት ነጥር የጨመሩ ሳይመስላቸው ኖሩ፤ ሁለት ሳምንት ቢንቀሳቀሱ አምስት ጨመሩ፤ እንግዲህ የሚያከብደው መንገዱ ራሱ አይደለምን? ትተው መቀመጥ አማራቸው። ነገር ግን ቢተዉትና ቢቀሉ፣ ነቁብኝ ብሎ ማንኪያውን ጣለ ይባላሉ፤ ባይተዉትና ቢከብዱ፣ አሁንም ይበላል ይባላሉ። ወጥመዱ በሁለቱም በኩል በር አልነበረውም።

ይህም ሁሉ አንዱን ነገር ያህል አላቃጠላቸውም። አንድ ማለዳ ባለቤታቸውን፣ አንቺስ በልቷል ትያለሽን ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ወለተሐና መልስ አልሰጡም። ምርኵዛቸውን ከግድግዳ አንሥተው በእጃቸው አስያዟቸውና በሩን ከፈቱላቸው። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሣልስቱም እንዲሁ። ባላምባራስ ዝምታውን ፍርድ አድርገው ቈጠሩት፤ የሰው ሐሜት ከቆዳ አያልፍም፣ የሚስታቸው ዝም ማለት ግን አጥንት ደረሰ። የሚያምናቸው እንደሌለ ሲያውቁ፣ ከመቀመጥ ይልቅ መሄድ ቀለላቸው፤ ቢያንስ ወይራው አያማም።

ወይራው ሥር ሲደርሱም አንዳንድ ነገር እየተለወጠ ነበር። ገብረ ሕይወት በርጩማውን አምስት ጊዜ ዘረጋ፤ በሌላው ሳምንት ሁለት ጊዜ፤ ከዚያም በርጩማው እንደ ተሸከሙት ተመለሰ። በገብር ኄር ሳምንት መቀነታቸው አንድ ዙር ተረፈ። በኒቆዲሞስ እሑድ ሕዝቡ ሦስተኛውን ውርደት ለማየት ከሁለቱ ይልቅ በዝቶ መጣ፤ ዘርአ ዳዊት ሰባቱን ፈረሱላ ሲጭን ባላምባራስ ከምድር ተነሡ፤ አየር ላይ ቀሩ፤ ድንጋይ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ከሰባቱ ፈረሱላ ስምንት ነጥር ጎደለ። እልልታ ሆነ። ባላምባራስ አሁን ንጹሕነቴ ተገለጠ ብለው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት መምሬ ወልደአረጋይ ቀደሙና አወጁ፦

"እነሆ፣ ስግደት ቅቤውን አወጣው። በልቶ ነበር፤ ተመለሰ። ልጄ የሺጥላ ታርቀሃል፤ በትንሣኤ ቍረብ።"

እንዲህም ሆኖ መክበዳቸው መብላታቸውን፣ መቅለላቸውም መብላታቸውን መሰከረባቸው። ሕዝቡ እየመጣ እንኳን ታረቁ ይላቸው ጀመር። አልበላሁም ቢሉ እርቁ ይፈርሳል፤ ዝም ቢሉ ወንጀሉ ይጸናል። ወይዘሮ ወለተሐና ከሴቶች ወገን ሆነው አዩአቸው፤ ባላምባራስም አፋቸውን ዘጉ።

በሃያ ሦስተኛው ፋሲካ ጎን ለጎን ቆረቡ። ሲነጋ፣ ጾሙ ከተፈታ፣ እንግዳውም ከወጣ በኋላ፣ ወይዘሮዋ በሩን ዘጉና የዚህን ዘመን የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ ከበሮ አልተመታለትም፤ ሰሚውም አንድ ሰው ብቻ ነበር፦

"ቅቤ አለመብላትዎን አውቃለሁ። በምኩራብ ማግሥት እንጨት ተሸካሚዋን አመተ ማርያምን ጠየቅኋት። አዲስ ዳገት የጀመረ ገላ ደንግጦ ውኃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ካልተወው ወር ሲያልፈው ይሟሽሻል አለችኝ፤ እኛ ሁላችን መጀመሪያ አብጠን ነው የቀጠንነው አለችኝ። ለመምሬም ልነግር ተነሥቼ ነበር። ግን ስምዎ ከጠራ፣ በነጋታው በርጩማዎ ላይ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ወንድምዎ ወልደተንሣኤ በተቀመጡበት ነው የቀሩት፤ የእርስዎም ትንፋሽ እንደ እርሳቸው ሲቆራረጥ ሦስት ክረምት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰው ቅቤ በላ ይበልዎ፤ ብቻ ይኑሩልኝ።"

ባላምባራስም የባለቤታቸው ያች ዝምታ ምን ያህል እንዳስለቀሰቻቸው ሊነግሯቸው ፈለጉ፤ ከዚያም የወይዘሮዋን ዐይን አዩና ተዉት። በዳግማ ትንሣኤ ዐርብ ከአልዩ አምባ ሲመለሱ በይመኙሻል ላይ ተቀመጡ፤ ወይራው ሥር ስትደርስ ጆሮዋን አቁማ አሰበች፣ ከዚያም አለፈች። ባላምባራስ ግን በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ፣ በቅሎዋን በጋጣ ትተው በእግራቸው ወረዱ።

የገበያ ሰውም እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኛቸው፣ ባላምባራስ ያን ዓመት ቅቤውን በልተውታል አሉ ብሎ ያሽሟጥጣል። እርሳቸውም ምርኵዛቸውን ተክለው፣ አዎን በልቻለሁ፣ እንዲያውም ንጥሩን ነው ይላሉ፤ ማን አበላዎት ሲሏቸው ግን አይናገሩም።

ስለዚህ ይወደስ የሺጥላ፣ የአቀበት ድል አድራጊ፣ የበርጩማ ከጂ፤ ሳይበላ የከበደ፣ ሳይበድል የታረቀ፣ ሰባት ፈረሱላ ገላውን ከሰባት ነጥር ስም ማጥፋት ጋር ተሸክሞ ዳገት የወጣ፤ ለሚስቱም ሲል ያልበላውን ቅቤ በልቻለሁ ያለ።